ከስደት ፈትዋ እስከ ፓርላማ፦ የመውላና አቡል ከላም አዛድ ሕይወት



በዚህ ክረምት ነው። የፎገራ ሜዳ ውሃ ተኝቶበት፣ ሩዙም ወደ ጣና አቅጣጫ አረንጓዴ ሆኖ ተዘርግቶ ሳለ፣ ቀድሞ ያስተማርኩት አንድ ወጣት ወረታ ላይ ከዐስር ሶላት በኋላ መስጂድ በር ላይ ጠበቀኝ። ሊሰናበተኝ ኖሯል። በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ለመግባት ደላላ አነጋግሮ ጨርሷል። ሥራ ፍለጋ መሆኑን አልደበቀኝም፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ ነበረው። ጉዞው ወደ ሙስሊም አገር ስለሆነ ሂጅራ ተብሎ ይጻፍለት እንደሆነ ማወቅ ፈልጓል። እዚህ ጥቂቶች መሆናችንን፣ እዚያ ግን ጎረቤቱ ሁሉ ሰጋጅ እንደሚሆን እያነሳ ነገረኝ።

ቶሎ መልስ አልሰጠሁትም። የሂጅራን ሑክም ከነዝርዝሩ ተምሬዋለሁ፤ በዚያች ሰዓት ትዝ ያለኝ ግን ኪታብ ሳይሆን አንድ ሰው ነው። ይህ ሰው በ30ዎቹ ዕድሜያቸው መጀመሪያ ላይ ሙስሊሞች አገራቸውን ለቀው እንዲሰደዱ ፈትዋ ሰጥተዋል። ስልሳ ሊሞላቸው ሲቃረቡ ደግሞ ትልቅ መስጂድ ውስጥ ቆመው፣ ዕቃውን ጠቅልሎ ለመሄድ የተነሳውን ሕዝብ እንዳይሄድ ለምነዋል። በሁለቱ መካከል 27 ዓመት አለ። የህንዱ መውላና አቡል ከላም አዛድ ናቸው።

አባታቸው መውላና ኸይሩዲን ብዙ ሙሪድ የነበራቸው ህንዳዊ ዓሊም ሲሆኑ፣ ህንዶች በእንግሊዝ ላይ ካመፁበት ከ1857 በኋላ ወደ መካ ሄደው ኖረዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እናታቸው ከመዲና የዑለማእ ቤተሰብ የተገኙ ዐረብ ነበሩ። አዛድ በ1888 መካ ውስጥ ተወለዱ፤ ገና ሕፃን ሳሉ ቤተሰቡ ወደ ካልካታ ተመለሰ።

አባትዬው ልጃቸውን ትምህርት ቤት አልላኩም። የእንግሊዝ ትምህርት ኢማን ያበላሻል ብለው ያምኑ ስለነበር ልጁ ቤት ውስጥ ዐረብኛ፣ ፋርስኛ፣ ፊቅህ፣ መንጢቅና ሒሳብ ተማረ። በጊዜው በህንድ መድረሳዎች ጎልማሶች የሚጨርሱትን ትምህርት በ16 ዓመቱ ገደማ አጠናቆ ሌሎችን ማስቀራት ጀመረ። እንግሊዝኛን ከዚያ በኋላ በራሱ ጥረት ነው ያወቀው፤ የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ከፋርስኛና ከኡርዱ ትርጉሞች ጋር ጎን ለጎን ዘርግቶ፣ መዝገበ ቃላት ይዞ። አዛድ የሚለውን የብዕር ስም የመረጡትም በዚህ የወጣትነት ጊዜ ነው። ትርጉሙ ነጻ ማለት ነው፤ ከአባት የወረሱትን ሁሉ ሳይመረምሩ እንደማይቀበሉ ለማሳየት የያዙት ስም ነበር። የአባታቸውን የሸይኽነት ወንበርም አልወረሱም።

በ1912 ካልካታ ላይ አል-ሂላል የሚባል ሳምንታዊ ጋዜጣ በኡርዱ አቋቋሙ። ጊዜው የዑስማኒያው ኺላፋ በሊቢያና በባልካን እየተቆራረሰ የነበረበት ነው። የህንድ ሙስሊም ልሂቃን በአብዛኛው ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ተጠግቶ መኖርን እንደ ብልሃት ይቆጥሩት ነበር፤ ቁጥራቸው ከሂንዱው ስለሚያንስ ጠባቂያቸው እንግሊዝ ነው የሚል አስተሳሰብ ሰፍኗል። አዛድ ይህን አስተሳሰብ በቁርኣን አንቀጽና በሰላ ብዕር ነቀፉት። የሚፈራ ሙስሊም የሌላ ዘበኛ ይሆናል እንጂ ለራሱ አይሆንም፤ ለነጻነት መታገል ለሙስሊም የዲን ግዴታው ነው አሉ። እርሳቸው እንደጻፉት ጋዜጣው በሳምንት እስከ 26,000 ቅጂ ይታተም ነበር፤ በዚያ ዘመን ለኡርዱ ጋዜጣ ያልተሰማ ቁጥር ነው። መንግሥት በመጀመሪያ 2,000 ሩፒ፣ ቀጥሎም 10,000 ሩፒ ማስያዣ ጠይቆ ሁለቱንም ወረሰ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተነሳበት በ1914 ጋዜጣው ተዘጋ። አል-በላግ ብለው ሌላ ከፈቱ፤ ብዙም አልቆየ። በ1916 ከቤንጋል እንዲወጡ ታዘዙ፤ ሌሎች ክፍለ አገሮችም በሩን ስለዘጉባቸው ራንቺ ወደምትባል ከተማ ሄዱ፤ እዚያም በግዞት እስከ 1919 መጨረሻ ቆዩ።

በግዞት ከተማቸው የጁሙዓ ኹጥባ ያደርጉ፣ ቁርኣን ያስተምሩ ነበር፤ መድረሳም አቋቁመዋል፤ ተፍሲራቸውንም ይጽፋሉ። ፖሊስ ቤታቸውን ፈትሾ ወረቀታቸውን ወሰደ፤ በኋላ ሌላ ጊዜ ሲታሰሩም እንደገና ተወሰደ። ሲመለስላቸው የተቀዳደደና የጎደለ ነበር። ተርጁማን አል-ቁርኣን የተባለው ይህ ሥራ የመጀመሪያው ክፍል በ1930ዎቹ መጀመሪያ የታተመው ከእንደገና ተጽፎ ነው፤ ያም ሆኖ እስከ ሱረቱል ሙእሚኑን ድረስ ብቻ ደርሶ ቀረ። በሱረቱል ፋቲሓ ላይ የጻፉት ሰፊ ማብራሪያ ግን እስከ ዛሬ ይነበባል። አንዳንድ ዑለማእ ይህን ማብራሪያ ተችተውታል፤ ስለ ሃይማኖቶች የጋራ መሠረት የጻፉት በመልእክተኞች ማመንን ያቀለለ ይመስላል በሚል። አዛድ ሐሳባቸው እንደዚያ አለመሆኑን በደብዳቤ መልሰዋል። እኔም ትችቱን ሳነብ መነሻ እንዳለው ይሰማኛል፤ መልሳቸውን ሳነብ ደግሞ ሰውየው ከአህለ ሱና እንዳልወጡ አያለሁ።

አሁን ወደ ፈትዋው እንምጣ። የዓለም ጦርነቱ አብቅቶ የተባበሩት መንግሥታት ኺላፋውን ሊከፋፍሉት ሲዘጋጁ፣ የህንድ ሙስሊም እንደ አንድ ሰው ተነሳ። የኺላፈት ንቅናቄ የሚባለው ይህ ነው። አዛድ ከግዞት እንደወጡ በጥር 1920 ዴልሂ ላይ ጋንዲን አገኙ፤ ከእንግሊዝ ጋር ያለመተባበርን ሐሳብ ወዲያው ከተቀበሉት መሪዎች አንዱ ሆኑ። በዚያው በጋ ግን ሌላ ነገርም አደረጉ። በእንግሊዝ ሥር መኖር ለሙስሊም እንደማይገባ፣ የሚችል ሁሉ ከህንድ ወጥቶ ወደ ሙስሊም ምድር እንዲሰደድ የሚያሳስብ ፈትዋ አወጡ።

ሰው ሰማቸው። በተለይ በሰሜን ምዕራብ ህንድ ያሉ ገበሬዎች መሬታቸውንና ከብታቸውን በርካሽ ሸጠው፣ ሴትና ሕፃን በጋሪ ጭነው፣ በኸይበር መተላለፊያ ወደ አፍጋኒስታን ጎረፉ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። የአፍጋኒስታኑ አሚር አማኑላህ መጀመሪያ እጃቸውን ዘርግተው ነበር፤ ድሃ አገር ስለሆነች ግን ያን ሁሉ ሕዝብ የምትመግብበት አልነበራትም፤ በነሐሴ ድንበሩ ተዘጋ። ብዙዎች በመንገድ ላይ በውሃ ጥምና በበሽታ ሞቱ። የተረፉት ሲመለሱ መሬታቸው የሌላ ሰው ሆኖ ጠበቃቸው።

ይህን ታሪክ የአዛድ አድናቂዎች ቶሎ ያልፉታል። እኔ ግን የሕይወታቸው መጀመሪያ እዚህ ላይ ነው እላለሁ። በወቅቱ ስደትን ያወጁት እርሳቸው ብቻ አልነበሩም፤ ግን የእርሳቸው ቃል ክብደት ነበረው። በካልካታ ተቀምጦ የተጻፈ ወረቀት በኸይበር ተራራ ላይ ቀብር ሆኗል። አላህ ይቅር ይበላቸው፤ ኢጅቲሃድ ነበር። በዚያው ጊዜ የህንድ ሙስሊሞች አንድ ኢማም እንዲመርጡና እርሳቸው እንዲሆኑ ፈልገው ነበር፤ ዑለማው በዚህ አልተስማማም። በ1924 ደግሞ ሙስጠፋ ከማል ኺላፋውን ራሱ ሻረው፤ ለመከላከል የተነሱለት ነገር ጠፋ። ከዚህ በኋላ ያሉት አዛድ የተለዩ ናቸው። ሙስሊሙ ከኢስታንቡል ወይም ከካቡል መፍትሔ እንዲጠብቅ ዳግመኛ አልጠሩትም። መፍትሔው ያለው እዚያው፣ ከሂንዱው ጎረቤት ጋር በአንድ ምድር ላይ ነው ወደሚል አቋም ገቡ፤ እስከ ሞት ድረስም አልለቀቁትም።

በመስከረም 1923 የህንድ ብሔራዊ ኮንግረስ ልዩ ጉባኤ ሊቀመንበር አድርጎ መረጣቸው። 35 ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላቸውም፤ ከሊቀመንበሮቹ ሁሉ በዕድሜ ትንሹ ነበሩ። ከዚያ በኋላ መታሰርና መፈታት ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሲደመር ከ10 ዓመት በላይ በእስርና በግዞት አሳልፈዋል።

በመጋቢት 1940 እንደገና የኮንግረስ ሊቀመንበር ሆነው ራምጋር በተባለ ቦታ ንግግር አደረጉ። ንግግሩን በቃል አልጠቅሰውም፤ ፍሬ ነገሩ ግን ይህ ነው። ሙስሊም ነኝ፤ የ1,300 ዓመት የእስልምና ቅርስ ባለቤት ነኝ፤ ከዚህ ቅንጣት አልቀንስም ይላሉ። ወዲያውም ህንዳዊ ነኝ፤ ይህች አገር ከተሠራችበት ድንጋይ አንዱ እኔ ነኝ፤ እኔ ከወጣሁ ሕንፃው ይጎድላል ይላሉ። አንዱ ማንነት ሌላውን እንዲበላ አልፈቀዱም። በዚያው ሳምንት፣ ላሆር ላይ፣ በሙሐመድ ዓሊ ጂናህ የሚመራው ሙስሊም ሊግ ለሙስሊሞች የተለየ አገር የሚጠይቀውን ውሳኔ አጸደቀ። ጂናህ አዛድን ኮንግረስ ለታይታ ያስቀመጣቸው ሙስሊም ናቸው ብለው አቃለሏቸው። ብዙ ሙስሊምም በዚህ ተስማማ። አንድ ዓሊም፣ የቁርኣን ሙፈሲር፣ ጀማዓው ለሌላ ሰው ሲያጨበጭብ በመስማት ያደረበት ስሜት ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። ጂናህ በአለባበስም በትምህርትም ከለንደን የተመለሱ የሕግ ባለሙያ ነበሩ። አዛድ ግን ጺማቸውን አሳምረው፣ ሸርዋኒ ለብሰው፣ ኡርዱ እየተናገሩ የኖሩ ናቸው። ሕዝቡ በዲን ስም የተከተለው የሕግ ባለሙያውን ነው።

የራምጋሩን ነገር ሳነብ ሁልጊዜ የእኛው ታሪክ ይመጣብኛል። አባቶቻችን ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ሲወጡ ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች መባላቸው ቀርቶ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች እንዲባሉ ነበር። የአንድ ቃል ልዩነት ይመስላል። በመጀመሪያው አጠራር ሰውየው እንግዳ ነው፤ በሁለተኛው የቤቱ ልጅ ነው። እዚህ ጎንደር አካባቢ ይህ ጥያቄ ከዚያ በጣም የቆየ ነው፤ በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበ ጉባኤ የጎንደር ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ወስኗል፤ አዲስ ዓለም የሚባለው የሙስሊሞች ሰፈርም ከዚያ ጋር ይያያዛል።

ነሐሴ 1942 ኮንግረስ እንግሊዝ ከህንድ እንድትወጣ ቦምቤይ ላይ ወሰነ። በማግስቱ ገና ሳይነጋ አዛድ፣ ኔህሩና ሌሎቹ መሪዎች ተይዘው በባቡር ወደ አህመድናጋር ምሽግ ተወሰዱ። ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር፤ አህመድናጋር የእኛው ማሊክ አምበር አገር ነው። ከዚህ ከሐበሻ ምድር በባርነት ተወስዶ፣ ተሽጦ ተለውጦ፣ በመጨረሻ የአህመድናጋርን ሱልጣኔት በእንደራሴነት የመራውና የሞጉልን ጦር ለዓመታት ያስጨነቀው ማሊክ አምበር። በ1626 ነው የሞተው። አዛድ በዚያ አገር ምሽግ ውስጥ ወደ 3 ዓመት ገደማ ታሰሩ።

እዚያ የጻፏቸው ደብዳቤዎች ጉባር-ኢ-ኻጢር በሚል መጽሐፍ በ1946 ታትመዋል። ለአንድ ወዳጃቸው የተጻፉ ናቸው፤ ከእስር ቤት እንደማይላኩ እያወቁ የጻፏቸው። ስለ ፖለቲካ እምብዛም የለባቸውም። ሌሊቱ ሳይነጋ ተነስተው በራሳቸው እጅ ስለሚያፈሉት የቻይና ሻይ ገጽ በገጽ ይጽፋሉ፤ ሻይ በወተት የሚጠጣውን ሰው ያዝኑለታል። ክፍላቸው ውስጥ ጎጆ ሠርተው ስለረበሿቸው ድንቢጦች፣ መጀመሪያ ሊያባርሯቸው ስለተዋጉት ጦርነት፣ ከዚያ በእህል እያባበሉ ስላደረጉት እርቅ ይተርካሉ። ቡና ሲፈላ የሚደረገውን ሥነ ሥርዓት የሚያውቅ የሀገራችን ሰው የሻዩን ክፍል ቢያነብ ይገባዋል።

በመካከሉ ካልካታ ያሉት ባለቤታቸው ዙለይኻ በጠና እንደታመሙ ተሰማ። የእስር ቤቱ ሹም ለመንግሥት የሚያቀርቡት ጥያቄ ካለ እንደሚያስተላልፍ ነገራቸው፤ ባለቤታቸውን ሄደው እንዲያዩ መጠየቅ ይችሉ ነበር። አልጠየቁም። የታሰሩበትን መንግሥት ምሕረት መለመን ሆኖ ታያቸው። ሚያዝያ 1943 ዙለይኻ ሞቱ። ኔህሩ እዚያው አብረው ታስረው ነበርና አዛድ ሐዘናቸውን እንዴት እንደዋጡት በቅርብ አይተዋል። ይህን ውሳኔያቸውን ተማሪዎቼ ፊት ባነሳሁ ቁጥር ልጆቹ ለሁለት ይከፈሉ ነበር፤ ሴቶቹ በአብዛኛው ይቆጧቸው ነበር። እኔም ከሴቶቹ ጋር ነኝ። ዙለይኻ ባላቸው በእስርና በትግል ሲንከራተቱ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሴት ናቸው፤ አንድ ደብዳቤ ይገባቸው ነበር። አላህ ይዘንላቸው።

አዛድ በ1945 ተፈቱ። ቀጥሎ ያለው አንድ ዓመት ግማሹ የህንድ ታሪክ የተጻፈበት ነው። እንግሊዝ ሦስት ሚኒስትሮች ልካ ድርድር ጀመረች። የአዛድ ሐሳብ ግልጽ ነበር፤ ህንድ አትከፈል፤ ማዕከላዊው መንግሥት መከላከያን፣ የውጭ ጉዳይንና መገናኛን ብቻ ይያዝ፤ የቀረው ሁሉ ለክፍለ አገሮች ይሁን፤ ሙስሊም የሚበዛባቸው ክፍለ አገሮች ራሳቸውን ያስተዳድሩ። የሚኒስትሮቹ እቅድ ለዚህ የቀረበ ሆኖ ወጣ። የሚገርመው፣ ለጥቂት ሳምንታት ሙስሊም ሊግም ኮንግረስም ተቀበሉት። ግን በዚያው በ1946 አዛድ የኮንግረስን ሊቀመንበርነት ለኔህሩ አስረከቡ። ኔህሩ በሐምሌ ለጋዜጠኞች ሲናገሩ ኮንግረስ በእቅዱ እንደማይታሰር የሚያስመስል መልስ ሰጡ። ጂናህ ፈቃዳቸውን አነሱ። ነሐሴ 16 ቀን ካልካታ በደም ታጠበች። አዛድ በኋላ በመጽሐፋቸው ሊቀመንበርነቱን በዚያ ሰዓት መልቀቃቸውን ከሕይወታቸው ትልልቅ ስህተቶች ቆጥረውታል። ወዳጃቸውን ኔህሩንም አላዳኑም፤ በስም ጠርተው ወቅሰዋቸዋል።

በነሐሴ 1947 አገሪቱ ተከፈለች። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ተፈናቀለ፤ የሞተው በመቶ ሺዎች፣ እንደ አንዳንዱ ግምት እስከ 1 ሚሊዮን ነው። ዴልሂ ውስጥ ሙስሊም በቤቱ ማደር አልቻለም፤ በአሮጌው ምሽግና በሑማዩን መቃብር ግቢ በአስር ሺዎች ተጠልለው ነበር። አዛድ ሚኒስትር ስለነበሩ የመንግሥት ቤት ነበራቸው። ቤቱ በተፈናቃይ ሲሞላ በግቢው ድንኳን ተከሉ። ጋንዲ ሰላም ካልወረደ አልበላም ብለው በጥር 1948 ጾም ሲይዙ፣ ጾሙ የሚፈታበትን ሁኔታ ከከተማው መሪዎች ጋር ሲያስማሙ ከነበሩት አንዱ አዛድ ናቸው፤ ከሁኔታዎቹ መካከል የተነጠቁ መስጂዶች ለሙስሊሞች እንዲመለሱ የሚለው ይገኝበታል። ጾሙ ተፈታ። በዚያው ወር መጨረሻ ጋንዲ በጥይት ተገደሉ።

በ1947 መገባደጃ፣ በዚያ ሁሉ መሐል፣ አዛድ ዴልሂ ጃሚዕ መስጂድ ውስጥ ቆሙ። ፊታቸው ያለው ሕዝብ ትናንት የናቃቸው ነው። ሸክሙን አስሮ ወደ ፓኪስታን ሊሄድ ያሰበ ብዙ ነበር። ወቀሱት፤ ስናገር አልሰማችሁኝም አሉት። ከዚያ ግን ቃላቸው ተለወጠ። በሂጅራ የተቀደሰ ስም እየጠራችሁ የምታደርጉት ይህ ሽሽት ምን እንደሆነ መርምሩ አሉ፤ ሚናራዎቹ፣ ዒባዳችሁ፣ የአባቶቻችሁ ቀብር ለማን ይቀራል ብለው ጠየቁ። በ1920 የስደትን ፈትዋ የጻፈው እጅ ነው አሁን የሚያቆመው። ፈትዋቸውን በስም አላነሱም። ሊያነሱ ይገባ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ግን በኸይበር ያለቁትን ሳያስቡ ያን ንግግር አደረጉ ብዬ ለማመን ይከብደኛል።

ሁሉም አልቆየም። ግን በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሙስሊም በህንድ ቀረ።

አዛድ ከነጻነት ቀን ጀምሮ እስከ ሞቱበት ቀን የትምህርት ሚኒስትር ነበሩ፤ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጠው የማያውቁ ሰው። መጀመሪያ ሕገ መንግሥቱን ባረቀቀው ጉባኤ፣ ከዚያም በመጀመሪያው አጠቃላይ ምርጫ በ1952 ከራምፑር ተመርጠው በታችኛው ምክር ቤት ተቀመጡ። በዚህ ምርጫ ያሸነፉት የሂንዱ አክራሪ ፓርቲ እጩን ነው። በ1957 ደግሞ ከጉርጋኦን ተመረጡ። ይህ ቦታ የራሱ ታሪክ አለው። በጉርጋኦን አውራጃ የሚኖሩት መዮ የሚባሉ ሙስሊም ገበሬዎች በ1947 ሊሰደዱ ተነስተው ነበር፤ ጋንዲ በታኅሣሥ ጋሴራ ወደምትባል መንደራቸው ሄደው እንዲቀሩ ጠየቋቸው፤ ብዙዎቹ ቀሩ። ከ10 ዓመት በኋላ፣ ሂንዱው በሚበዛበት በዚያው የምርጫ ክልል፣ የቀሩት መዮዎችና ሂንዱ ጎረቤቶቻቸው በአንድ ሣጥን ድምፅ ሰጥተው እኚህን ዓሊም ፓርላማ ላኩ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። በ1951 ቆጠራ ከህንድ ሕዝብ ማንበብና መጻፍ የሚችለው 18 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሕገ መንግሥቱ እስከ 14 ዓመት ላለ ልጅ ሁሉ በ10 ዓመት ውስጥ ነጻና ግዴታ ትምህርት እንዲዳረስ ያዛል፤ ገንዘቡ ግን የለም። አዛድ በምክር ቤት ለትምህርት የሚመደበው በጀት ማነሱን ደጋግመው ያነሱ ነበር። ስለ ከፍተኛና ስለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚያጠኑ ኮሚሽኖችን አቋቋሙ። በ1951 የመጀመሪያው የህንድ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በኻራግፑር ሲከፈት መርቀው የከፈቱት እርሳቸው ናቸው፤ ቦታው እንግሊዝ የነጻነት ታጋዮችን ያስርበት የነበረ ካምፕ ነው። ዩኒቨርሲቲዎችን የሚደግፈውን ኮሚሽን በ1953 አስጀመሩ። የሥነ ጽሑፍ፣ የሙዚቃና የሥዕል አካዳሚዎች በእርሳቸው ዘመን ተመሠረቱ። ሃይማኖተኛ ዓሊም ሆነው ሙዚቃና ሥዕል ላይ መሥራታቸው ዛሬም የሚያስደነግጠው ሰው አለ፤ አዛድ ግን ራሳቸው በወጣትነታቸው ሲታር መጫወት ተምረው ነበር፤ በደብዳቤዎቻቸውም አልደበቁትም።

ኡርዱን ማዳን ግን አልቻሉም። የመንግሥቱ ቋንቋ ሂንዱም ሙስሊሙም የሚናገረው፣ በሁለቱም ፊደል የሚጻፈው ሂንዱስታኒ እንዲሆን ፈልገው ነበር፤ በ1949 ጉባኤው ሂንዲን መረጠ። የሂንዲ ጠበቆች በምክር ቤት ተነስተው ሚኒስትሩ ኡርዱን ያደላሉ ብለው ሲከሷቸው መልሳቸው መራራ ነበር። እርሳቸውም እስከ መጨረሻው ኡርዱ ተናገሩ። እንግሊዝኛ ያነቡ ነበር፤ ከውጭ እንግዶች ጋር ሲነጋገሩ ግን አስተርጓሚ ያስቀምጡ ነበር።

በዚያው ዘመን፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ፣ ብዙ ህንዳውያን መምህራን ወደ እኛ አገር መጥተዋል። ዛሬ ሽበት ያወጡ ብዙ የአገራችን ሰዎች ሒሳብና ፊዚክስ ከህንዳዊ አስተማሪ መማራቸውን ያወራሉ። እነዚያን መምህራን አዛድ ላኳቸው ማለቴ አይደለም። ግን 18 በመቶ ብቻ ማንበብ የሚችልባት አገር፣ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ፣ ለሌላ አገር የሚተርፍ አስተማሪ ነበራት። ባለፉት ዓመታት በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች ቤት ውለዋል። ጠመኔ ካስቀመጥኩ ቆይቻለሁ፤ ግን ይህን ቁጥር ባየሁ ጊዜ አልፌው መሄድ አልቻልኩም።

አዛድ የካቲት 22 ቀን 1958 ዴልሂ ውስጥ አረፉ። የተቀበሩት ያን ንግግር ባደረጉበት በጃሚዕ መስጂድ አጠገብ ነው። በመጨረሻ ዓመታቸው በኡርዱ እየተናገሩ፣ ሑማዩን ከቢር የተባሉ ምሁር በእንግሊዝኛ እየጻፉ ያዘጋጁት የሕይወት ታሪካቸው በቀጣዩ ዓመት ወጣ። 30 ገጽ ግን ታሽጎ ለ30 ዓመት በዴልሂና በካልካታ እንዲቀመጥ አዘው ነበር። በ1988 ተከፈተ፤ በኔህሩና በሌሎች ጓዶቻቸው ላይ የነበራቸው ቅሬታ ነው ያለበት። በ1992 የህንድን ትልቁን ሽልማት ከሞቱ በኋላ ሰጧቸው። ከ2008 ጀምሮም የልደታቸው ቀን ኅዳር 11 የትምህርት ቀን ሆኖ ይከበራል። ከዚያ ነፋሱ ተለወጠ። በስማቸው ለሙስሊምና ለሌሎች አናሳ ተመራማሪ ተማሪዎች ይሰጥ የነበረው ድጎማ በ2022 ተቋረጠ። በ2023 ደግሞ ስለ ሕገ መንግሥቱ አረቃቀቅ ከሚያስተምር የ11ኛ ክፍል መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ስማቸው ወጣ።

ለዚያ ወጣት ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አልነገርኩትም። ከመስጂዱ በር እስከ ደብረ ታቦር መገንጠያ እየተጓዝን የኸይበሩን ነገር ስነግረው ቆም አለ፤ ሲመለሱ መሬታቸውን ማን ወስዶት እንደነበር ጠየቀኝ። ስለ ሂጅራም ተነጋገርን። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሶሓቦች ከመካ ወደዚህ ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ የመጡት ሙስሊም ወደሚበዛበት ሳይሆን ፍትሕ ወዳለበት አገር እንደነበረ፣ ጃዕፈር ቢን አቢ ጧሊብም በክርስቲያን ሕዝብ መሐል ለዓመታት እንደኖሩ አስታወስኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ደላላው የጠየቀውን ገንዘብም ነገረኝ። እስካሁን አልሄደም። ቀርቷልም ማለት አይቻልም። ሩዙ እስኪታጨድ እጠብቃለሁ ብሏል።